ለመንገድ አስቀምጪው

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ቡሽ» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ቀዳዳ ካየ እጁ አያርፍም፤ ጨርቅ ይወትፍበታል፣ ማስቲሽ ይለጥፍበታል፣ ምንም ካጣ ጣቱን ይከትበታል። እሱ ደግሞ እኔን «መርፌ» ይለኛል። አንደኛ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ፣ ሁለተኛ ምላሴን ስለሚፈራ። አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ስንኖር ጠዋት እንጣላለን፣ ማታ እንታረቃለን። አንዱ ጥላችን ግን ከረመ፤ የማወራችሁም እሱን ነው።

ቡሽ ሹፌር ነው። መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ሻንጣ የበዛባቸውን መንገደኞች ወደየቤታቸው ያደርሳል። ያለችው አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ናት። ዝምተኛ ነው ስላችሁ ቁጥብ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ድንጋይ ነው! «እንዴት አደርክ?» ብትሉት «ደህና» ለማለት ያስባል። እህቴ እታለም ደግሞ ተቃራኒው ነበረች፤ እንጀራዋም የሚወጣው ከአፏ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ በድምፅ ማጉያ የአውቶቡሶቹን መነሻ የምትናገረው እሷ ነበረች፣ ሹፌሮቹ «ማይኳ» ይሏታል። «የጠዋቱ ሊወጣ ነው፣ የቀራችሁ ቶሎ ግቡ» ስትል ሰው ሁሉ በስሙ የተጠራ ይመስለው ነበር። እህቴ ስለሆነች አይደለም እንዲህ የምለው፤ የፈለጋችሁትን ሹፌር ጠይቁ።

የተዋወቁትም በዚያው ማጉያ ነው። ቡሽ አንድ ቀን መኪናውን መውጫው ላይ ገትሮ ሻንጣ ይጭናል። ከላይ፣ «ነጯ መኪና! መውጫውን ዘግተሃል፣ አንሳ!» የሚል ድምፅ መጣ። እሱዬው ቀና ብሎ ማጉያውን እያየ ቀረ። «ኧረ አንተን ነው፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ! ጆሮህ ሻንጣ ውስጥ ነው እንዴ?» አለች፣ መናኸሪያው በሙሉ ሳቀበት። በማግስቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መኪናዋን እዚያው ቦታ መልሶ አቆማት። ከዚያ ወዲያ ስድቡን ሊሰማ በየቀኑ መውጫ ይዘጋ ነበር፣ በመጨረሻ አለቃዋ «ወይ አግቢው ወይ ይቀጣ» አላት ይባላል።

ከተጋቡ በኋላም ወሬያቸው መኪና ውስጥ ነበር። ቡሽን ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ብታናግሩት ወለሉን ነው የሚያየው። መሪ ሲይዝ ግን፣ ዓይኑ መንገድ ላይ ስለሚሆን ነው መሰለኝ፣ አንደበቱ ይፈታል። ልጅ እንደማይወልዱ ሐኪም የነገራቸው ቀን የተላቀሱት እዚያችው መኪና ውስጥ ነው። አባታችን ሲሞት መርዶውን የነገራት እዚያው ነው። ሲጨቃጨቁ እንኳ «ና እስቲ ውጣ፣ መኪናውን አስነሳ» ትለውና ሰፈሩን ዞረው ዞረው ታርቀው ይመለሳሉ። እታለም «የእኛ ሳሎን ጎማ አለው» ትል ነበር።

ድምጿ መሻከር ሲጀምር ብርድ ነው አልን። ማር በሎሚ፣ ሙቅ ውሃ በጨው፣ ያልሞከርነው የለም። አለቃዋ «ትንሽ ይሻልሽ» ብሎ ማጉያውን ለሌላ ሰው ሲሰጥ እንኳ የሰው ክፋት ነው የመሰለን። ከዚያ መዋጥ አቃታት፣ ሳሉ እንቅልፍ ነሳት። በትልቁ ከተማ ያለው ሆስፒታል መርምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ አለ አለን። ከቤታችን ሆስፒታሉ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ቡሽ ይነዳል፣ እታለም ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ መመላለስ ጀመርን።

ያቺ መኪና ግን ምን ልበላችሁ! ጎማዋ ያጓራል፣ ወለሏ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋሱ በበሯ ጥግ ያፏጫል፣ ጣሪያዋ ላይ የተሰካው የሻንጣ መጫኛ ፖርቶ መጋላ ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ተራበ ውሻ ያላዝናል። ድሮ እታለም ከሁሉም በላይ ትጮህ ስለነበር አልታወቀንም ነበር። አሁን የቀራት ሹክሹክታ ነው። አንድ ነገር ትላለች፣ ቡሽ «እ? ምን አልሽ?» ይላል። ትደግማለች። «ምን አልሽ?» አንገቷን ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ፊቷ ላይ ሕመሙን አየዋለሁ። መሪ ስለያዘ ዞሮ ከንፈሯን ማንበብ አይችልም። እኔ ከኋላ ሆኜ ጆሮዬን ብቀስርም የጎማውን ጩኸት እንጂ እሷን አልሰማም።

አንድ ቀን ሐኪሙ አስቀመጠንና ቁርጡን ነገረን። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ የድምፅ ሳጥኗም አብሮ ይወጣል። ቀኑ ተቆርጧል፤ ከዚያ ቀን በኋላ እታለም አትናገርም። እስከዚያው ድረስም ድምጿን እንድትቆጥብ፣ ብዙ እንዳታወራ መከራት። ቡሽ ወለሉን አየ። እታለም እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ «እሺ» አለች።

ስንመለስ መሀል መንገድ ላይ ወደ ቡሽ ዘንበል ብላ አንድ ነገር አለችው። «እ?» አለ። ደገመች። «ምን አልሽ?» ሦስተኛ ስትሞክር ሳል ያዛት፤ ዳሽቦርዱን በመዳፏ መታ አድርጋ «ተወው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ተወው» የሚለውን ሁለታችንም ሰማነው። ቡሽ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ፣ ወርዶ ጎማውን በእርግጫ መታው፣ መስኮቷ ጋ መጥቶ ቆመ።

«ይህችን መኪና ዝም አስብላታለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝም አስብላታለሁ፣ ያኔ እንደ ልብሽ ታወሪኛለሽ» አላት።

«እኔ ዝም ከማለቴ በፊት?» አለች እታለም ፈገግ ብላ። መኪናዋ ቆማ ስለነበር ሰማት። አልሳቀም።

በዚያ ሰሞን እኔ «ድምጿን በስልክ እንቅዳው» ብዬ ነበር። እታለም እንዴት እንደተቆጣችኝ! «በእኔ ድምፅ አገር ሲንቀሳቀስ ኖሮ ይህን የዝገት ድምፅ ነው የምታስቀሩት? እንዳታደርጊው!» አለች። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ትራስ ሥር ወሸቀችው። ሙያዋ ነው፣ አልፈርድባትም።

ቡሽ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ወንበሮቹን ሁሉ ነቅሎ ግቢው ውስጥ ደረደራቸው። ምንጣፉን ገፈፈ፣ የበሮቹን ልባስ ፈታ፣ መኪናዋ የተነጨች ዶሮ መሰለች። ከዚያ ቆርቆሮውን በጣቱ አንጓ ማንኳኳት ያዘ፤ «ድንንን» ብሎ የሚጮኸው ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። የግቢው ሰው «ምነው ቡሽ፣ አውሮፕላን ልታደርጋት ነው?» እያለ ቀለደበት። እሱ ይሰማል እንዴ!

የመጀመሪያው ሙከራው ጉድ አፈላ። የቤት ጣሪያ ውሃ እንዳያስገባ የሚነጠፈውን ሬንጅ ያለበት ጥቅል ገዝቶ ወለሉን በሙሉ ለበጠው። ማንኳኳቱ ላይ አሪፍ ሆነ፣ «ድፍ» ብቻ ነው የሚለው። በማግስቱ ፀሐይ ሲመታው ግን መኪናዋ የመንገድ ሥራ ሸተተች። እታለም ገብታ ልትሞክራት ስትል ሳሉ ገደላት፤ ደግፌ አወጣኋት። «አንተ ሰውዬ፣ ልትገድላት ነው?» ብዬ ጮህኩበት። በርከክ ብሎ የለጠፈውን ሁሉ በመሮ መፋቅ ጀመረ። ሬንጅ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከቆርቆሮው ይልቅ ሰው ይወዳል፤ ጥፍሩ ሥር የገባው እስከ ዛሬ የወጣ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ከመኪና ጌጥ ሱቅ፣ ጀርባው ብርማ ወረቀት የሆነ ተጣባቂ ጎማ አመጣ። እየቆረጠ በሩ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ከጎማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ለጠፈው፤ አየር እንዳይቀርበት በጠርሙስ እየዳመጠ። በላዩ ላይ የሚነጠፈውን እኔ ሰፋሁለት፤ ሁለት አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብሶች ደራርቤ፣ መሀላቸው ስፖንጅ ከትቼ፣ በወለሉ ልክ። መርፌዬ ስንት ጊዜ እንደተሰበረ አትጠይቁኝ። የበሮቹን ላስቲክ ደግሞ በወረቀት ፈተናቸው፤ ቁራጭ ወረቀት በሩ መሀል አስገብቶ ይዘጋና ይስበዋል፣ ወረቀቱ ዝም ብሎ ከወጣ ላስቲኩ አርጅቷል ማለት ነው። ከሁሉም በር ወረቀቱ ዝም ብሎ ወጣ። ሁሉንም ቀየራቸው፣ ጎማዎቹንም ቀየረ። ፖርቶ መጋላውንም ፈትቶ ግድግዳ አስደገፈው። «ሻንጣ በምን ልትጭን ነው?» ስለው «አልጭንም» አለ። ሻንጣ የማይጭን የመናኸሪያ ሹፌር ምን እንደሚበላ እሱ ነው የሚያውቀው።

ፉጨቱ ነበር ያስቸገረው። የበሩን ዙሪያ፣ የመስታወቱን ጥግ፣ የጎን መመልከቻውን ሥር በወረቀት ፕላስተር እየሸፈነ፣ አንዱን እየላጠ አንዱን እየተወ ይነዳታል። እኔ ደግሞ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ «አለ… አለ… አሁን ጠፋ!» እላለሁ። መንገድ ላይ ያየን ሰው ሁሉ አብደዋል ብሎናል። ሌባው የጎን መመልከቻው ሥር የነበረች፣ ሽንብራ የማታስገባ ክፍተት ሆና ተገኘች። ቡሽ ሲደፍናት ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ቀን የሳቀ አይመስለኝም።

ያን ሁሉ ሲሠራ እታለም ግቢው ውስጥ ከተነቀሉት ወንበሮች በአንዱ፣ በራሷ በፊተኛው ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን ደርባ ፀሐይ እየሞቀች ታየዋለች። አንድ ቀን ጠዋት እኔ ደጄ ላይ የስፌት መኪናዬን እያንቀሳቀስኩ፣ እሱ ጭንቅላቱን ዳሽቦርዱ ሥር ከቶ፣ እጁ ማስቲሽ በማስቲሽ ሆኖ፣ «ስማኝማ» አለችው።

«ወዬ።»

«አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ። ቆይቷል።»

«ለመንገድ አስቀምጪው» አለ ከውስጥ። «አሁን ድምፅሽን አትጨርሺ። ያን ቀን ሆስፒታሉ እስክንደርስ ድረስ ጆሮዬ ያንቺ ነው።»

እኔ ፔዳሌን አቆምኩ። «አንተ! እየነገረችህ አይደለም እንዴ? አሁን ስማት!» አልኩት።

«መርፌ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል» አለኝ። እታለም እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ተይው እንደማለት። «ልክ ነው፣ ለመንገድ ይሻላል» አለች። ደስ ብሏት ነው ያለችው፣ ይህን መካድ አልችልም። ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። ውሃ ስትፈልግ በጣቷ፣ ስትራብ በጣቷ። ያለቻትን ድምፅ ለመንገዱ ታጠራቅም ነበር፣ እኔም አይቼ ዝም አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ተነሳን። በሩን ስንዘጋው «ጵ» ብሎ እንደ ሙሽራ ሳጥን ገጠመ፣ የውጪው ዓለም ቀጥ አለ። ሰፈሩን አቋርጠን አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ጎማው ከሩቅ እንደሚሰማ ወንዝ ነው። እታለም ዓይኗን አፍጥጣ ዙሪያውን አየች። በዚያች በምትሰበር ሹክሹክታዋ፣ «ኧረ ጉድ! ጸጥ ይላል!» አለች።

«ሰማሁሽ» አለ ቡሽ። ከአንገቱ በላይ ቀልቶ ነበር።

«ውሸትህን ነው። ምን አልኩ?»

«ኧረ ጉድ፣ ጸጥ ይላል፣ አልሽ።»

ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች፣ እኔም ከኋላ አለቀስኩም ሳቅኩም። «መውጫ ዘግተሃል፣ አንሳ!» አለችው ደግሞ፣ እንደ ድሮው ለመጮህ እየሞከረች። «እሺ እመቤቴ» አላት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጋ «ቆይ፣ ከከተማው እንውጣና እነግርሃለሁ። ረጅም ነው» አለች።

ከከተማው ስንወጣ ተኝታ ነበር።

ያ ሁሉ ሳምንት ሳል ሲያንገላታት፣ ሕመሙ ሲያገላብጣት የሌሊት እንቅልፍ አይታ አታውቅም። መኪናዋ እንደ እቅፍ ሆነችላትና አፏን ከፈት አድርጋ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ ጭልጥ አለች። ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም። ትንሽ ታገስኩ። መንደሮቹ እያለፉ፣ መንገዱ እያለቀ ሲሄድ ግን እጄን ወደ ትከሻዋ ሰደድኩ። ቡሽ በመስታወቱ አየኝና ጣቱን ከመሪው ላይ አነሳ።

«ተያት» አለኝ፣ ከእሷም ባነሰ ድምፅ። «ከተኛች ስንት ጊዜዋ ነው።»

«መንገዱ እያለቀ ነው እኮ!»

«ራሷ ትነቃለች።»

ጭራሽ ፍጥነቱን ቀነሰ። ጉድጓዷን ሁሉ እየዞረ፣ ፍሬን እንኳ እንደ ስርቆት እየረገጠ ነዳ። ሌሎቹ መኪኖች እየተቆጡ ያልፉናል። አንዴ ዞሮ አያት። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ቁጣዬ እያለ እንኳ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እንዲህ እንድትተኛ ያደረጋት እሱ ነውና ኩራት ነበረበት። ሌላም ነገር ነበረበት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ነቃች። «ደረስን እንዴ?» አለች።

«ደረስን» አላት።

መስኮቱን አየች፣ እሱን አየች። «እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አለች። አርፍደን ስለነበር ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀን ነበር፤ ገና ከመኪናው ሳትወርድ ታጣድፋት ጀመር። ኮሪደሩ ላይ እታለም ነርሷን በእጇ አቁማ ወደ ቡሽ ዞረች። አፏን ከፈተች። ወዲያና ወዲህ የሚራወጠውን ሰው፣ የሚጮኸውን ልጅ፣ ቆማ የምትጠብቀውን ነርስ አየችና መልሳ ዘጋችው። የቡሽን እጅ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው፣ ወሰዷት።

በሩ ሲዘጋ እኔ ፈነዳሁ። «አንተ ነህ! ለመንገድ አስቀምጪው ያልካት አንተ፣ እንዳትነቃ ያደረግካት አንተ!» ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩበት። ወለሉን እያየ፣ «ተኝታ ነበር እኮ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናግረውም አልኩ፣ አላናገርኩትምም።

እታለም ከቀዶ ሕክምናው ተረፈች። አንገቷ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ፣ ጭኗ ላይ የልጅ ጥቁር ሰሌዳ ይዛ ቤቷ ገባች። ቀልዷ ግን አልቀረም፤ እኔ ስናገር ስናገር ቆይቼ ዞር ስል «መርፌ አፍሽን ዝጊ፣ እኔ ዘግቼ የለ?» ብላ ጽፋ ታሳየኛለች። ከቡሽ ጋር መንገድ መውጣቱን አልተወችም። ሰፈሩን ይዞሩና ይመለሳሉ፤ በጥፍሯ ዳሽቦርዱን ኳ አድርጋ ወደ ውጭ ታሳየዋለች፣ «አየሁት፣ አየሁት» ይላታል። በድሮው የጎማ ጩኸት መሀል የጥፍር ድምፅ ይሰማ ነበር ብላችሁ ነው?

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት። «ያን ቀን ልትነግሪው የነበረው ምንድን ነው? ጻፊለት እንጂ። ለእኔ አታሳዪኝ፣ ለእሱ ጻፊለት።» ጠመኔውን ይዛ ትንሽ አሰበች። «የሚጻፍ አይደለም» ብላ ጻፈች። እንዳየሁት ስታውቅ በእጅጌዋ ጠረገችው።

ክረምቱ ሲገባ ዕጢው ተመለሰ። በዚያው ሆስፒታል አረፈች። ምን ብዬ ላውራችሁ፣ እህቴ ነበረች፣ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረኝም።

ከቀብሩ በኋላ ልብሷን ውሰዱ ተብለን ሆስፒታሉ ሄድን፣ ቡሽና እኔ። አሁንም አላናግረውም ነበር። የልብሷን ከረጢት ኋላ አስቀመጥን፤ ከረጢቱ ቦታዬን ስለያዘብኝ ፊት፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ «ጵ» አለ። መኪናዋ ጸጥ ብላ መንገዱን ተያያዘችው፣ ከእኔና ከእሱ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም። ከቀብሩ ጀምሮ ዓይኔ አልተከደነም ነበርና፣ ያ ጸጥታ ቀስ ብሎ ያዘኝ፣ ጭንቅላቴ ወደ መስኮቱ ዘነበለ።

ትከሻዬን ሲነቀንቀኝ ነቃሁ። መሪውን በአንድ እጁ ይዟል፣ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፣ ጉንጩ ርሷል።

«መርፌ፣ አትተኚብኝ» አለ። «እባክሽ። አውሪኝ።»

«ምን ላውራ?»

«ምንም ይሁን። ስደቢኝም።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፣ አልወጣም። ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራሁለት። ስለሚያፈሰው ጣሪያዬ፣ ሱሪ አስጠብቢልኝ ብላ ሦስቴ ስለመለሰችኝ ደንበኛ፣ እታለም ትንሽ ሆና አባታችንን በምን በምን ታስቀው እንደነበር አወራሁለት። ድምፄ ተሰነጣጠቀ፣ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፣ እኔ ራሴን በቅጡ የማልሰማበት ቦታም ነበር። እሱ በየመሀሉ «እህ» ይላል፣ «ከዚያስ?» ይላል። ቤት እስክንደርስ አንድም ጊዜ «ምን አልሽ?» አላለኝም።